የአልቃሿ ልጅ ለቅሶ

«ተረት ተረት!»

«የእሳት ዳር እረፍት!»

ጠጋ በሉ ልጆቼ። አንተ ደግሞ ከበሩ ወዲህ ና፣ ብርዱ ይመታሃል። የዛሬው ተረት የሚያስቅ አይደለም። እኔ ሳወራው ደሜ ይፈላል። እናንተም ስትሰሙት ይፈላባችሁ ይሆናል። ይፍላ! እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ የማይቆጣ ሰው እኔ ዘንድ ባይመጣ ይሻለዋል።

በድሮ ዘመን፣ ዋንዛ በር በሚባል አገር ያምሮት የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ አልቃሽነት ነበር። ሰው ሲሞት ትጠራና ለቅሶ ቤት ትሄዳለች፤ ግጥም እያወረደች ሕዝቡን ታስለቅሳለች። ታዲያ ዝም ብላ አትጀምርም። መጀመሪያ ጓዳ ትገባና የሟችን ቤተሰብ ትጠይቃለች፦ «ምን ይወድ ነበር? ሲቆጣስ ምን ይል ነበር?» ትላለች። ከዚያም ወጥታ ደረቷን ይዛ ትጀምራለች። አንድ አራሽ በሞተ ጊዜ እንዲህ አለች፦

«በሬው ቆሞ ቀረ ቀንበሩን ታቅፎ፣
ያ የሚያዘው ድምፅ ሄዶበት አልፎ።»

ይህን ጊዜ ከሟቹ ጋር በድንበር ተጣልቶ የኖረው ሰውዬ መሬት ላይ ወደቀና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እንዲህ ያለ ድምፅ ነበራት።

ድምፁ ግን ዕረፍት አልነበረውም። በዘር ጊዜ ይጠሯታል። በአጨዳ ጊዜ ይጠሯታል። ገና እህል ሳትቀምስ ከደጅ «ያምሮት! ያምሮት!» ይሏታል። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች። ሲመሽ እግሯን እየጎተተች ትመለሳለች። «ይቺ ሴትዮ ደክሟት ይሆን?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እንደ ምንጭ ነበር የሚያዩዋት። ይመጣሉ፣ ይቀዳሉ፣ ይሄዳሉ።

ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶባታል። የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት፤ ስንዱ ትባላለች። ስንዱ ሳቂታ ነበረች። ፀጉሯን መሠራት አትወድም። ሹሩባ ሊሠሯት ሲሉ ጓሮ ትሸሻለች። እናትዮዋ ከሰው ለቅሶ ደክማ ስትመለስ፣ እግሯን የምታጥባት፣ «ዛሬ ማንን አስለቀስሽ?» እያለች የምታሥቃት እሷ ነበረች።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ እህሉ በደረሰ ጊዜ፣ የጭቃ ሹም አዛናው አጎት ሞተ። ጭቃ ሹም ማለት በዚያ ዘመን የአገሩ ሹም ነው፤ መሬት የሚሰጥ፣ መሬት የሚነሣ። አጎቱ የሞተው ከወንዝ ማዶ ካለው ቤቱ ነው። በዚያው ዕለት ጠዋት ስንዱ በትኩሳት ትቃጠል ነበር። መልክተኛው መጥቶ ከደጅ ቆመና ተጣራ።

ያምሮትም፦ «ልጄ ታማብኛለች ወንድሜ። ዛሬስ ማሩኝ» አለች።

እሱም፦ «ቀብሩን ብቻ አድርሰሽ ትመለሻለሽ። ጌታው ነው ያዘዘው» አላት።

ምን ታድርግ? በቅል ውሃ ሞላችና ከልጅቷ ራስጌ አስቀመጠች። ግንባሯን ሳመችና፦ «ሳይመሽ እመጣለሁ» አለቻት። ሄደችም። አለቀሰች፣ አስለቀሰች፣ አስቀበረች። ከዚያም ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች።

ጭቃ ሹሙ አያትና፦ «ወዴት ነው?» አለ።

«ቤቴ ጌታዬ። ልጄ ታማለች።»

«ሠልስቱ ሳይወጣ አልቃሽ ይሄዳል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ልጄ ብቻዋን ናት ጌታዬ።»

«ጎረቤት የላትም?» አላት።

የላትማ! ጎረቤቱ ሁሉ እሱ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮ ይበላ ነበር! የሹም ለቅሶ ነውና ማን ይቀራል? አሽከሮቹንም «እንዳትወጣ» አላቸው። በሩ ላይ ቆሙባት። ያምሮት ሠልስቱ እስኪወጣ ድረስ ለማታውቀው ሽማግሌ ግጥም ስታወርድ ከረመች። ስታለቅስ ሰው ሁሉ «አቤት ዛሬስ ከአንጀቷ ነው» እያለ አደነቀ። ከአንጀቷ ነበር፤ ስለማን እንደምታለቅስ ግን አንድ ሰው አልጠየቃትም።

ሲለቋት ሮጠች። ወንዙን እንዴት እንደተሻገረችው አታውቅም። ቤቷ ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ስንዱ ከመደቧ ወርዳ መሬት ላይ ነበረች። ቅሉ አጠገቧ ተጋድሟል፤ ባዶ ነው። ልጅቷ ሞታለች።

ቆይ፣ ይኼ ብቻ መሰላችሁ? ገና ነው።

በቀብሩ ዕለት ሰማዩ ጠቆረ። የታጨደው እህል ሜዳ ላይ ነው። ሰዉ ሰማይ ሰማይ ያያል። ቄሱ ፍትሐቱን አደረሱ፣ ወንዶቹ አፈሩን መለሱ፣ ሁሉም ለመሄድ ተቻኮለ። ግጥም ያወረደ የለም። ደረት የመታ የለም። ያምሮት በአገሩ ሰው ፊት ላይ ዓይኗን አንከራተተች። አባቱን ያስቀበረችለት አለ፤ ባሏን ያስቀበረችላት አለች፤ ሁሉም ቆሟል። ይህን ጊዜ ፈንታነሽ የምትባል ጎረቤቷ፣ ነጠላዋን እያጣፋች፦

«ምን ታዪናለሽ? አንቺው አልቅሺላት እንጂ። ሙያሽ አይደል?» አለቻት።

ኧረ እናንተ ሰዎች! ምን ዓይነት አፍ ነው እንዲህ ያለ ቃል የሚያወጣ?

ያምሮት አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈተች። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ያ አገር ያስለቀሰ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሹክሹክታ ካልሆነ መናገር አልቻለችም።

አገሩም ተንጫጫ። ምን ብሎ መሰላችሁ? «ለቅሶ ቤታችን ባዶ ቀረ» ብሎ! «የያምሮት ቤት ባዶ ቀረ» ያለ የለም። ጭቃ ሹሙ ደግሞ አሮጊት እናት አለችው፤ የእሷ ቀን ሲደርስ ማን ሊያለቅስ ነው ብሎ ተጨነቀ። ከዚያም «መድኃኒት አዋቂ ነኝ» የሚል ሰውዬ አስጠራና «ድምጿን መልስልኝ» አለው። ሰውዬው በበርበሬ ጭስ አፈናት። በአለንጋ ገረፋትና «ጩኺ! ያደረብሽን መንፈስ ልቀቀኝ በይው!» አላት። እሷ ግን ሳለች እንጂ አልጮኸችም። ሴቶቹም በጀርባዋ ላይ ሰንበሩን እያዩ፦ «ለአንቺው ብለን ነው» አሏት። ለእሷ ብለው!

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ይኼ አይደለም። ያምሮት ራሷም ከእነሱ ጋር ሆነች። «ልጄን ጥዬ የሄድኩ እኔ ነኝ» አለች። እህል መብላት ተወች። መደቧን ትታ ባዶ መሬት ላይ ተኛች። ፀሐይ ሲወጣባት ጨለማ ጓዳ ትገባለች። በመጨረሻም ድንጋይ ተሸክማ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት መውጣት ጀመረች። ታወጣዋለች፣ ታወርደዋለች፣ መልሳ ታወጣዋለች። የሚያዩዋት ሁሉ «ንስሐ ገብታለች፣ ጥሩ ነው» ብለው አለፉ።

ከዳገቱ ራስ፣ ከቅጥሩ ሥር፣ እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉ መነኩሲት ጎጆ ነበራቸው። እማሆይ ቁጡ ነበሩ። ቄሱ እንኳ ይፈሯቸዋል። አንድ ጠዋት ያምሮትን ከነድንጋይዋ መንገድ ላይ አቆሟት።

«ማነው ይህን ያሸከመሽ?» አሏት።

በሹክሹክታ፦ «ማንም። ራሴ ነኝ» አለች።

«የንስሐ አባትሽ አዘዙሽ?»

«አላዘዙኝም።»

«እግዜርስ ሕልም አሳየሽ?»

«ኧረ የለም እማሆይ።»

«እንግዲያው አውርጂው!» አሉና ጮኹ። «ሠልስት እስኪወጣ በር የዘጋብሽ ሰው በበቅሎ ይሄዳል፣ አንቺ ድንጋይ ትሸከሚያለሽ? ልጅሽን ውሃ የነሷት ሰዎች ጠላቸውን ይጠጣሉ፣ አንቺ ትጾሚያለሽ? የነሱን ኃጢአት ማን ሸክም አደረገልሽ? አውርጂው አልኩሽ!»

ያምሮት ድንጋዩን ጣለችው። ሲንከባለል ወረደና ጉድጓድ ገባ። እሷም እዚያው ቁጭ አለች። እማሆይ ጎጆአቸው አስገቧት። እግሯን በለብታ ውሃ አጠቡላት። ለጀርባዋ ሰንበር ቅቤ ቀቡላት። ከዚያም የአጃ ገንፎ አቀረቡላት።

ያምሮት፦ «አልችልም፣ አይወርድልኝም» አለች።

«እግዜር ልጅሽን ወሰደ፤ ቁርስሽን ግን አልወሰደም። ብዪ!» አሏት።

በላች። ትንሽ በላች። እማሆይም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና እንዲህ አሏት፦

«ልጄ፣ ለሰው ሁሉ እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ ትያለሽ። ለራስሽ ብለሽ ታውቂያለሽ? ከነገ ጀምሮ ስትነሺ ፊትሽን ታጠቢና ‹ያምሮት፣ እንዴት አደርሽ?› በዪ። መልሱንም ስሚ። ‹ክፉኛ አደርኩ› ካለችሽ አትቆጪያት። ከዚያ ወጥተሽ ፀሐይ ላይ ቁጭ በዪ። አንድ አባታችን ሆይ ድገሚ፤ ሳትቸኩዪ። የስንዱን ስም አንዴ ጮክ ብለሽ ጥሪው። ከዚያም ሳትበዪ ከደጅ አትውጪ። በቃ።»

«ይኸው ብቻ?» አለች ያምሮት። «ስግደቱስ? ጾሙስ?»

«ጾም ሲመጣ ከሰው ጋር ትጾሚያለሽ። አሁን የታመመ ሰው ነሽ። የታመመ ሰው በዱላ አይድንም። ሰው ዱላ ያነሣብሽ አልበቃ ብሎ አንቺም ታነሺያለሽ?»

ያምሮትም እንደተባለችው አደረገች። መጀመሪያ አፈረች። ጎጆዋ ውስጥ ብቻዋን ቆማ «ያምሮት፣ እንዴት አደርሽ?» ስትል ግድግዳው የሳቀባት መሰላት። መልሱም ለብዙ ጊዜ «ክፉኛ» ነበር። አልተቆጣችም። ወጥታ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። «ስንዱ» ለማለት ከንፈሯ እንቢ ሲላት፣ በሚቀጥለው ቀን ሞከረች። ሰንበቱ መጣ፣ ሰንበቱ ሄደ። አንድ ቀን ጎመን ስትቀነጥስ የሆነ ነገር ሰማች። ዞር ብላ ማነው ብላ አየች። ማንም የለም። ራሷ ነበረች፤ ስንዱ የምትወደውን ዜማ ታንጎራጉር ነበር። ጎመኑን ጥላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ልጇ ከሞተች ጀምሮ እንባዋ በድምፅ ሲወጣ ያን ጊዜ ገና መጀመሪያው ነው።

«ዳንኩ» አለች። ዳንኩ ብላም ተወችው። በማለዳ መታጠቡን፣ ፀሐዩን፣ ጸሎቱን ሁሉ ተወች። ክረምት ገባ፣ ዝናቡ ወረደ፣ እሷም ጨለማ ጓዳዋ ተመልሳ ገባች። ድምጿም እንደገና ሸሸ። እማሆይ በዝናብ እየተደበደቡ መጡና ከደጅ ሆነው ጮኹባት፦

«ትናንት በልተሽ ዛሬ አትራቢም? እንዲያው አንዴ በልቼ እድሜ ልኬን ጠግቤ እቀራለሁ ብለሽ ነው? ተነሺ! ፀሐይ ከሌለ እሳት ዳር ተቀመጪ!»

ያምሮትም ተነሣችና እንደገና ጀመረች። ከዚያ ወዲህ አላቋረጠችም። ቢከፋትም፣ ደስ ቢላትም፣ ማለዳዋን ለራሷ አደረገች። ድምጿም ቀስ በቀስ ተመለሰላት።

ታዲያ አገሩ ዝም አለ? አላለም። «እዩዋት እንደ እመቤት ፀሐይ ስትሞቅ» አሉ። «ልጅ የሞተባት አትመስልም» አሉ። «ራሷን ታባብላለች» አሉ። ፀሐይዋንም ቀኑባት እኮ! ልጇን ውሃ የነሱ ሰዎች፣ እግዜር በነፃ ያወጣትን ፀሐይ ሊነሷት!

ከዚያም የጭቃ ሹም አዛናው እናት፣ እሜቴ የሻሽወርቅ፣ አርጅተው ሞቱ። ጭቃ ሹሙም ያምሮት ድምጿ መመለሱን ሰምቷልና ሰው ላከ። እሷ ከደጇ ተቀምጣ ነበር። «አልመጣም» አለች። መልክተኛው ደንግጦ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ጭቃ ሹሙ ራሱ በበቅሎ መጣ። ከበቅሎው አልወረደም።

«እናቴ ሞታ ትቀመጫለሽ?» አላት።

«እግዚአብሔር ያጥናህ» አለች። አንቱ ማለቷን ትታለች፤ እሱም ልብ ብሏል።

«ተነሺ። ድምፅሽ የአገር ነው፣ የአንቺ ብቻ አይደለም።»

ያምሮትም ቀና ብላ አየችውና፦ «ድምፄ የአገር ከሆነ፣ ልጄስ የማን ነበረች?» አለችው።

መልስ ያጣ ሹም የሚያደርገውን ታውቃላችሁ። አለንጋውን ወደ ጓሮዋ ቀስሮ፦ «ከዚህ መሬት እነቅልሻለሁ! ከዚህ አገር አስወጣሻለሁ!» አለ።

ያምሮት ተነሣች። ጓሮውን ስለፈራች አይደለም። ልቧ ውስጥ ያለው ነገር ጊዜው እንደደረሰ ስለተሰማት ነው። ከዚያም፦ «እመጣለሁ» አለች። «የምለውን ግን አንተ አትመርጥልኝም።» ቁርሷን በላች። ነጠላዋን አጣፋች። ሄደች።

ዳሱ ሞልቶ ነበር። ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ሰው ተቀምጧል። ያምሮት ከመሐል ቆመችና ደረቷን ያዘች። ድምጿ ወጣ፤ እንደ ድሮው ግን አልነበረም። ሻከር ብሏል፣ ወፍሯል። እንዲህ አለች፦

«እሜቴ የሻሽወርቅ ሄዱ በርጅናቸው፣
ልጅ እጃቸውን ይዞ፣ ቄስ ቆሞ ካጠገባቸው።»

ጭቃ ሹሙ አለቀሰ። ሰዉም አለቀሰ። እሷም ፊቷን ወደ ሕዝቡ መለሰችና፦

«የኔይቱ ግን ሄደች ገና በማለዳ፣
ውሃ የሚያቀብል ሰው አጥታ ከጓዳ።»

ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ጭቃ ሹሙ ከመቀመጫው ተነሣና «ዝም በይ!» አለ። ዝም አላለችም።

«ስንዱ ስትጣራ እናቷ የት ነበረች?
የሰው ለቅሶ ይዟት ከወንዝ ማዶ ቀረች።

ለሁሉም አለቀስኩ ቤት ለቤት ዞሬ፣
ለልጄ የሚያለቅስ ታጣ ወይ ባገሬ?»

«አውጧት!» አለ ጭቃ ሹሙ። አሽከሮቹ ተነሡ። ያን ጊዜ ከሴቶቹ መሐል አንዲት ሴት ብድግ አለች። ፈንታነሽ ናት። ያቺ በቀብሩ ዕለት ያን ቃል የተናገረችው። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጣለችና «ስንዱ! ስንዱዬ!» ብላ ደረቷን መታች። ሌላዋም ተነሣች። «ስንዱ!» አለች። ከዚያም ዳሱ በሙሉ «ስንዱ! ስንዱ!» እያለ ተነሣ። አሽከሮቹ ማንን ያውጡ? አንደኛው አሽከር፣ በር ላይ ቆሞ ያገዳት እሱው፣ ጦሩን አስደግፎ ፊቱን ወደ ዳሱ ምሰሶ አዞረና ያለቅስ ጀመር። ጭቃ ሹሙ ሰውን መሬት ይነሣል፣ ከብት ይነሣል። እንባ ግን ተመለስ ቢለው አይመለስለትም።

ይቅር በዪኝ አላት ወይ ትሉኝ ይሆናል። አላላትም! ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለና ተቀመጠ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን አላፈሩም፤ ወደ ያምሮት ቤት መጥተው «በቃ ይቅር በዪው» አሏት።

እሷም፦ «ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሲጠየቅ እመልሳለሁ» አለቻቸው። እነሱም በመጡበት ተመለሱ።

በማግሥቱ ሴቶቹ ሁሉ ንፍሮና እንጀራ ይዘው ወደ ያምሮት ቤት መጡ። ለስንዱ ለቅሶ ተቀመጡ። እናትዮዋን «አንቺ ዝም በዪ፣ ዛሬ የኛ ተራ ነው» አሏትና ግጥሙን እነሱ አወረዱ። አያምርም ነበር። ቤት አይመታም፣ ዜማው ይሰበራል። ያምሮት ግን ከዚያ የሚያምር ለቅሶ ሰምታ አታውቅም። ፈንታነሽ እግሯ ሥር ወድቃ «ይቅር በዪኝ» ስትላት፣ አነሣቻትና አብረው አለቀሱ።

እዚያው ለቅሶ ላይ እያሉ ሴቶቹ ተማማሉ። ከእንግዲህ ቤቱ በሽተኛ ያለበት ሰው ለማንም ለቅሶ እንዳይጠራ፣ የሹም ለቅሶም ቢሆን፣ ጎረቤት ሁሉ ሲሄድ ደግሞ አንዲት ሴት ቀርታ የታመመ እንድትጠይቅ አሉ። ወንዶቹ አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ! መሐላው ጸና።

ያምሮትም ብዙ ዘመን ኖረች። ስትፈልግ ታለቅሳለች፣ ሳትፈልግ ትቀራለች። አንድ ቀን ከሩቅ አገር አንድ ባለበቅሎ መልክተኛ መጣና፦ «ትልቅ ሰው ሞቶብናል፣ ዛሬውኑ ነይ» አላት።

«ዛሬስ አልመጣም» አለችው።

«ምነው እማማ፣ አሞሻል?»

«የለም፣ ደህና ነኝ» አለች ያምሮት። «ደህና ሆኜ ለመቆየት ነው የምቀረው።»

መልክተኛው ግራ ገባው። ከዚያም በቅሎውን አዙሮ ሄደ። ሟቹም ተቀበረ። ዘመዶቹ ራሳቸው አለቀሱለት።

እኔም ጨረስኩ፤ ቁጣዬም በረድ አለልኝ።

ተረቴን ወሰዳችሁ በጆሮ፣
አፌን ካሱልኝ በንፍሮ!